«ጾመኛዋ» እንዴት «ሆዳም» ተባለች? ስለ አመጋገብ መዛባት ዓይነቶችና ስለ ችኩልነት

ኮምቦልቻ ውስጥ የማውቃት አንዲት ልጅ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ስም ወጥቶላታል። የመጀመሪያው «ጾመኛዋ» ነው። በ2015 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በገጠሙበት ሰሞን ከእናቷ ጋር ሁዳዴን፣ ከአባቷ እናት ጋር ረመዳንን ያዘች። እናት ክርስቲያን፣ አያት ሙስሊም በሆኑበት ቤት ይህ በወሎ ማንንም አያስገርምም፤ እንዲያውም ሰፈሩ ወደዳት፣ ምርቃት ጎረፈላት። ቀሚሷ እየሰፋት መሄዱን ግን ልብ ያለ አልነበረም። ነጠላ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ሁለተኛው ስም የወጣላት ጓዳ ውስጥ ነው። ሌሊት ሌሊት ከሌማቱ እንጀራ መጉደል ጀመረ። ለእንግዳ የተቀመጠው ዳቦ ግማሹ ጠፋ፤ የስኳሩ ቆርቆሮ ባዶ ሆነ። መጀመሪያ የተጠረጠረችው የቤት ሠራተኛዋ ነበረች፤ እያለቀሰች ማለች። አንድ ሌሊት እናቷ መብራት ሲያበሩ ልጃቸውን ጓዳው መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ወጥ የሌለው እንጀራ በሁለት እጇ እየጠቀለለች ስትጎርስ አገኟት። አታኝክም ነበር፤ ትውጣለች። «ልጅየ፣ ምን ነካሽ?» ሲሏት ቀና ብላ አየቻቸው እንጂ እጇ አላቆመም። ቀጥሎ መታጠቢያ ቤት ገብታ ምን ያህል እንደቆየች የነገሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

ሐኪም ቤት ያለው ፋይሏም ስም ቀይሯል። «አኖሬክሲያ ነርቮሳ፣ ምግብ የመገደብ ዓይነት» ይል የነበረው «አኖሬክሲያ ነርቮሳ፣ ከልክ በላይ የመብላትና የማስወጣት ዓይነት» ሆኗል። እኔ ደሴ ውስጥ በአእምሮ ጤና ላይ እሠራለሁ። እናቷ ሁለቱን ወረቀት ይዘው የሐረጎን ዳገት አቋርጠው እዚህ ድረስ መጥተው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። «ያቺ ምግብ እምቢ ያለችው ልጄ ናት ይህች? ወይስ ሌላ በሽታ ያዘብኝ?» አሉኝ። የሚከተለው ለእሳቸው የመለስኩት መልስ ሰፋ ብሎ ነው። ልጅቷ እንዲጻፍ ፈቅዳለች፤ እንዳትታወቅ የለወጥኳቸው ነገሮች አሉ። የምጠቅሳቸው የጥናት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከስሞቹ ልጀምር። በ1873 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ገልና ፈረንሳዊው ቻርልስ ላሴግ በየፊናቸው፣ ሌላ ሕመም ሳይኖርባቸው ምግብ የሚተዉ ወጣት ሴቶችን ገለጹ። «አኖሬክሲያ ነርቮሳ» የሚለውን ስም ያወጣው ገል ነው። ቃሉ የምግብ ፍላጎት ማጣት ማለት ስለሆነ ገና ከስሙ ያሳስታል። አብዛኞቹ ታማሚዎች ይርባቸዋል፣ አንዳንዶቹ ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ሲያስቡ ነው የሚውሉት። ርሃቡን የሚያሸንፈው መወፈርን መፍራት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ ለንደን ውስጥ ጄራልድ ራስል የተባለ የአእምሮ ሐኪም 30 ታማሚዎችን አይቶ የዚህን በሽታ ሌላ ፊት አሳየ፤ መወፈርን እንደዚያው ይፈራሉ፣ ግን ራሳቸውን መግታት አቅቷቸው ብዙ ይበላሉ፣ ከዚያ የበሉትን በማስታወክ ወይም በሌላ መንገድ ያስወጣሉ። «ቡሊሚያ ነርቮሳ» አለው። ቡሊሚያ በግሪክ የበሬ ርሃብ እንደ ማለት ነው፤ እኛ «እንደ ጅብ በላ» እንደምንለው። ራስል ይህን ያቀረበው የአኖሬክሲያ አስጊ መልክ አድርጎ ነበር፤ ብዙዎቹ ታማሚዎቹ ቀድሞ አኖሬክሲያ ያለፈባቸው ነበሩና።

ዛሬ ባለሙያ እጅ ላይ ያሉት መመዘኛዎች ሁለት ናቸው። አንዱ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ያወጣው ዲ.ኤስ.ኤም.-5 ነው፤ ሌላው የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው አይ.ሲ.ዲ.-11። ሁለቱም አኖሬክሲያን ለሁለት ይከፍሉታል። ክብደቷ በጣም የወረደው ምግብ በመቀነስ፣ በመጾምና ከልክ ያለፈ እንቅስቃሴ በማድረግ ብቻ ከሆነ «ገዳቢ» ይባላል። በመሐል መቆጣጠር የማይቻል መብላት ወይም የበሉትን ማስወጣት ካለበት ሁለተኛው ዓይነት ይሆናል። በዲ.ኤስ.ኤም.-5 ዓይነቱን የሚወስነው ባለፉት 3 ወራት የሆነው ነው። ይህችን «3 ወር» የምትለዋን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። ክብደቱ ያልወረደ ሰው ይህን ሲያደርግ ቡሊሚያ ይባላል፤ ሳያስወጣ ከልክ በላይ የሚበላውም ከ2013 ወዲህ ራሱን የቻለ ምርመራ አለው።

መስመሩ እዚህ ላይ የተሰመረው በምን ምክንያት ነው? ዋነኞቹ መነሻዎች በ1980 የወጡ ሁለት ጥናቶች ናቸው። ሬጂና ካስፐርና ባልደረቦቿ አኖሬክሲያ ያለባቸውን 105 ሰዎች ሲያጠኑ 53 በመቶዎቹ ክብደት የቀነሱት ያለማቋረጥ በመጾም ነበር፤ 47 በመቶዎቹ ግን አልፎ አልፎ በብዛት ይበሉ ነበር። የሚጾሙት ዝምተኞች፣ ረሃባቸውንም ጭንቀታቸውንም የሚክዱ ሆኑ። የሚበሉት ደግሞ ተጫዋቾች፣ የምግብ ፍላጎታቸውን የሚያምኑ፣ ግን ጭንቀትና ጸጸት የበዛባቸው ነበሩ፤ ስርቆት የታየውም ከሞላ ጎደል በእነሱ ላይ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ፖል ጋርፊንክልና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ በ141 ታማሚዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር አገኙ። መጠጥና ዕፅ፣ ስርቆት፣ ራስን መጉዳት፣ ራስን ለማጥፋት መሞከር፣ ይህ ሁሉ ወደሚበሉት ያጋደለ ነበር። በ1986 ሌሲና ኢቫንስ የሚባሉ ሐኪሞች ደግሞ ከቡሊሚያ ታማሚዎች መካከል በብዙ ነገር ራሳቸውን መግታት የሚያቅታቸውን ለይተው ለብቻ ማየት ይገባል አሉ።

ግኝቶቹ ብዙ ጊዜ ተደጋግመዋል፤ አልክድም። የሚያሳስበኝ ሰው ሲያነባቸው የሚያደርጋቸው ነገር ነው። አንደኛዋ ጨዋ፣ ሁለተኛዋ ልቅ፤ አንደኛዋ ፈቃዷ የጸና፣ ሁለተኛዋ ፈቃዷ የተሰበረ ሆነው ቁጭ ይላሉ። የሰፈሩ «ጾመኛ» እና «ሆዳም» በሕክምና ልብስ ተመልሰው መጡ ማለት ነው።

በጥናቶቹ ውስጥ የሚመላለሰው «ኢምፐልሲቪቲ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ «ችኩልነት» ይባላል። እኔም ርዕሱ ላይ ያስቀመጥኩት እሱን ነው፤ ግን አይበቃም። ስለ ሰው ባሕርይ ስናወራ እኛ አራት ሰዎችን ለይተን እናውቃለን። አንዱ ሳያስብ የሚቆርጥ ነው፤ ችኩል የምንለው እሱን ነው። ሁለተኛው ጀምሮ የማይጨርስ፣ ሥራ ቶሎ የሚሰለቸው ነው። ሦስተኛው አዲስ ነገርና አደጋ ካልቀመሰ የማያርፍ ነው። አራተኛው በሰላሙ ቀን ከማንም የተሻለ አስተዋይ ነው፤ ሲከፋው ግን እጁ የገባውን ያደርጋል፣ ኋላ ተቀምጦ ይጸጸታል። ይህንን አራተኛውን ግልፍተኛ ልንለው እንችል ነበር፤ ግልፍታ ግን ከቁጣ ጋር ይሄዳል፣ የዚህ ሰው መነሻ ደግሞ ኀዘን፣ ኀፍረት፣ ብቸኝነትም ሊሆን ይችላል። በ2001 ኋይትሳይድና ሊናም የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በሥራ ላይ የነበሩ የባሕርይ መጠይቆችን አንድ ላይ ሲመረምሩ ያወጡት ይህንኑ አራት ክፍል ነው። በአንድ ቃል ይጠራ የነበረው ነገር አራት ነገር ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ የተሠሩት ሥራዎች ሲደመሩ፣ ከልክ በላይ ከመብላት ጋር በጥብቅ የሚያያዘው አራተኛው ነው። አዲስ ነገር መውደድ እምብዛም አይያያዝም፤ ሥራ አለመጨረስም ሳያስቡ መቁረጥም እንደ አራተኛው አይጠብቁም።

ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ያቺን ልጅ ያየ ሰው ችኩል ሊላት አይችልም። የክፍሏ አንደኛ ናት። ከጓደኞቿ ጋር የገባችበትን ዕቁብ ቀን ሳታሳልፍ የምትጥል፣ የሌላውንም ሒሳብ የምትይዝ ናት። እኔ ቤት ቀጠሮ አምልጧት አያውቅም። ጓዳ የገባችባቸውን ሌሊቶች አብረን በደብተር ስንጽፍ ግን አንድ ነገር ወጣ። አባቷ ዐረብ አገር ነው የሚሠራው፤ የሚደውለው በአብዛኛው ሐሙስ ማታ ነው። ስልኩ ጭቅጭቅ ሆኖ ሲዘጋ፣ እናት ተነስተው ሲገቡ፣ አያት ዝም ሲሉ፣ እሷ ከምሳ በፊት ጀምሮ ምንም ሳትቀምስ ከዋለች ያ ሌሊት የጓዳ ሌሊት ነው። ሁለቱ ነገሮች ሲገጥሙ ማለት ነው፤ የከፋው ልብና ባዶ ሆድ። ስልኩ በደህና የተዘጋ ቀን፣ ወይም በልታ የዋለች ቀን፣ ጓዳው ጸጥ ብሎ ያድር ነበር።

የባዶ ሆዱን ነገር ዘለል አድርጎ ማለፍ አይቻልም። ሕዳር 1944 አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንሴል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት በጦርነቱ የተራበውን አውሮፓ እንዴት መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ አንድ ሙከራ ጀመረ። በህሊናቸው ምክንያት አንዋጋም ያሉ 36 ጤነኛ ወንዶች በፈቃዳቸው ገቡበት። ለ24 ሳምንት ምግባቸው ተቀነሰ፤ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉ ወረደ። ለህሊናቸው ሲሉ መንግሥትን እምቢ ያሉ ናቸው፤ ፈቃደ ደካማ የሚላቸው አይኖርም። ግን ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ጀመሩ፤ የምግብ አሠራር ጽሑፍና የወጥ ቤት ዕቃ የሚሰበስቡ ታዩ፤ ሳህኑን ለረጅም ሰዓት ይዘው የሚቆዩ፣ ምግቡን እየቆራረሱ የሚጫወቱበት ነበሩ። ጥቂቶቹ ሕጉን ጥሰው በድብቅ በሉ፣ በኋላም በጸጸት ተቃጠሉ። ምግብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ አንዳንዶቹ እስኪያማቸው በሉ፤ ከበሉም በኋላ «ገና አልጠገብኩም» አሉ።

እንግዲህ እነዚያ ወንዶች ከሙከራው በፊት የመግታት ችግር አልነበረባቸውም። ርሃቡ ነው ያመጣው። ስለዚህ አንዲት የተራበች ልጅ ሌሊት ጓዳ ስትገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ለምን ያህል ጊዜ ተርባ እንደቆየች ነው፤ ስለ ባሕርይዋ ለመናገር ከዚያ በኋላ ጊዜ አለ።

ይህንን ኮምቦልቻ ቤታቸው ሄጄ ሳስረዳ፣ ቀድመው የገባቸው አያቷ ናቸው። እኔ ደግሞ ይበልጥ የፈራሁት እሳቸውን ነበር። ወሎ ርሃብን የሚያውቀው በ1966 እና በ1977 ነው (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው)፤ ያንን ላየ ሰው «ልጅቱ ምግብ እያለ አልበላም አለች» ማለት ስድብ ይመስላል። «ጥጋብ ነው» ይባላል ብዬ ጠብቄ ነበር። አያቷ ግን ጀበናውን ከከሰሉ አንስተው ሲያበቁ፣ በ77 መጠለያ ውስጥ አንዲት ወግ አጥባቂ ሴት ከሰው እጅ ዳቦ ስትነጥቅ እንዳዩ ነገሩኝ። «አንቱ፣ ያቺ ሴትዮ ሌባ ነበረች?» አልኳቸው። «ወይ አንተ! እንኳን ሌባ፣ የሰው ዓይን የማታይ ነበረች» አሉኝ። ከዚያ ዘወር ብለው የልጅ ልጃቸውን አዩዋት፤ ረጅም ጊዜ።

በዚያው ቡና ላይ ነው ሌላውን ያየሁት። አድሩሱ ይጨሳል፤ የቡና ቁርሱ ዳቦ በሰፌድ ዞሯል፣ እሷ አላነሳችም። ቶናውን ስታቀብለኝ ሲኒውን የያዘችበት ቀኝ እጇ ወደ እኔ ዞረ፤ ከጣቶቿ አንጓ ላይ የደረቀ፣ የጠቆረ ጠባሳ አለ። እናቷ ዓይኔን ተከትለው «ምጣድ ነው ያቃጠላት» አሉ። ምጣድ መዳፍንና የጣት ጫፍን ያቃጥላል እንጂ አንጓን እንዲያ ለይቶ አይነካም። ራስን በማስታወክ የሚመጣውን ያንን ምልክት መጀመሪያ በጽሑፍ ያሳወቀው ያው ራስል ስለሆነ በስሙ ይጠራል። ጉንጮቿም ከጆሮዋ ሥር አበጥ ብለው ነበር፤ እንዲህ ያለው ፊት ሰውን «ወፍራለች» ያሰኛል፣ ያበጠው ግን የምራቅ ዕጢ ነው። የጥርስ ሐኪሞቻችንም ቢያውቁት ደስ ይለኛል፤ በሆድ አሲድ የተበላ የፊት ጥርስ ጀርባ ከማንም በፊት የሚታየው ለእነሱ ነው።

አደጋው ግን በዓይን አይታይም። የሚያስወጣ ሰው ሰውነቱ ፖታሲየም ያጣል፤ ፖታሲየም ሲወርድ የልብ አመታት ይዛባል፣ ልብ በድንገት ሊቆም ይችላል። ይህ ክብደቱ ደህና በሚመስል ሰው ላይም ይደርሳል። ዓይነቱን ለይቶ መጻፍ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ «የማስወጣት ዓይነት» የሚል ፋይል ያየ ሐኪም ያንኑ ቀን ደም ማስመርመርና ልብን ማየት አለበት። በ2011 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ደግሞ በአኖሬክሲያ ከሞቱት ከ5ቱ 1ዱ ራሱን ያጠፋ እንደሆነ አሳይቷል። ራስን ለማጥፋት መሞከር በሁለተኛው ዓይነት ይበዛል። ስለዚህ «ሞት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ይገባል፤ ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርም። እኔም ጠይቄያታለሁ፤ መልሷን ለራሷ እተወዋለሁ።

አሁን ወደ 3 ወሯ ልመለስ። ዓይነቱ የሚጻፈው ባለፉት 3 ወራት ከሆነው ነው ካልን፣ ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? በ2008 ካምሪን ኤዲና ባልደረቦቿ አኖሬክሲያና ቡሊሚያ የነበረባቸውን 216 ሴቶች ለ7 ዓመት ተከታትለው ያወጡት ውጤት አለ። አኖሬክሲያ ከነበረባቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከገዳቢው ወደ ሌላው፣ ወይም ከሌላው ወደ ገዳቢው ተሻግረዋል፤ ሲሶ ያህሉ ደግሞ ወደ ቡሊሚያ አልፈዋል። የባሕርይ ልዩነት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሻገርም ነበር። ለእናቷ የመለስኩት ይህንኑ ነው፤ «ያችው ልጅዎ ናት፣ በሽታውም ያው ነው፤ ወረቀቱ የሚነግረን ያለፈውን 3 ወር ነው» አልኳቸው።

ተቃራኒውንም ልናገር። ገዳቢዎቹ ራሳቸውን የመግታት ችሎታቸው የተለየ ነው የሚባለው ከምርመራ የመጣ ነው። ለአንድ ሰው ዛሬ ትንሽ ገንዘብ ወይስ ቆይቶ ብዙ ገንዘብ ይሻልሃል ሲባል፣ ክብደታቸው የወረደ የአኖሬክሲያ ታማሚዎች ከሌላው ሰው ይበልጥ መጠበቅን መርጠው ታይተዋል። ክብደታቸው በሕክምና ሲመለስ ግን ምርጫቸው ወደ ሌላው ሰው የቀረበበት ጥናት አለ። ያ የሚደነቀው ትዕግሥት ራሱ፣ ቢያንስ በከፊል፣ የመክሳቱ ሥራ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። «ጾመኛዋ» እየተባለች ስትመረቅ የተመረቀው ምልክቱ ነበር ብዬ ሳስብ ልቤ ይደማል።

የባሕርይ ልዩነት የለም እያልኩ አይደለም። ዌስተንና ሃርንደን-ፊሸር በ2001 ባቀረቡት ሥራ ታማሚዎችን በአመጋገባቸው ሳይሆን በባሕርያቸው ሲመድቧቸው ሦስት ወገን ወጣ፤ ሁሉን አሟልታ ካልሠራች የማታርፍ፣ ራሷን ከልክ በላይ የምትጨቁንና ስሜቷ የሚያጥለቀልቃት። እነዚህ ወገኖች የአኖሬክሲያንና የቡሊሚያን አጥር ያቋርጣሉ። ቡሊሚያ ካለባት አንዷ ስሜት የሚያጥለቀልቃት ስትሆን፣ ሌላዋ ግን ያቺ የክፍሉ አንደኛ፣ ዕቁቧን የማታሳልፈው ናት። ሁለቱን በአንድ መንገድ ማከም አይቻልም፤ ፋይሉ ላይ ያለው ስም ደግሞ አንድ ነው። አሁን ያለው አከፋፈል ከጉድለቶቹ ሁሉ ይህ ይመስለኛል ትልቁ።

ሌላም አለ። ሁለተኛው ዓይነት ከልክ በላይ የሚበሉትንና ከልክ በላይ ሳይበሉ የሚያስወጡትን አንድ ቤት ያስገባቸዋል። አንድ ትንሽ ገንፎ በልታ፣ ሰዓቷን ጠብቃ፣ በየቀኑ የምታስወጣ ሴት አውቃለሁ፤ እሷ ላይ የማየው ችኩልነት የለም። ሥርዓት ነው፣ ልማድ ነው፣ ካላደረገችው የማታርፍበት ግዴታ ነው። «መግታት ያቃታት» ብለን ብንጽፍ ለእሷ እውነት አይሆንም።

«ከልክ በላይ» የሚለውም ራሱ ጥያቄ አለበት። ዲ.ኤስ.ኤም.-5 መጠኑን የሚለካው አብዛኛው ሰው በተመሳሳይ ጊዜና ሁኔታ ከሚበላው ጋር አስተያይቶ ነው። ሁኔታው መጠቀሱ ተገቢ ነው፤ ሰርግ ቤት በጉርሻ ላይ ጉርሻ የተደረበለት ሰው፣ ኢፍጣር ላይ ሳምቡሳ ደጋግሞ ያነሳ ሰው አልታመመም። ከመጠኑ ይልቅ ዋናው ማቆም አለመቻሉ ነው፤ አይ.ሲ.ዲ.-11 እንዲያውም መጠኑ ለሌላ ሰው ብዙ ባይመስልም ሰውየው መቆጣጠር እንዳቃተው ከተሰማው ይቀበለዋል። በዚህ ላይ አይ.ሲ.ዲ.-11 የተሻለ ይመስለኛል። ያቺ ልጅ አንዳንዴ ሁለት እንጀራ ነው የምትበላው። የሰርግ ቀን ሁለት እንጀራ ማንም አይቆጥርም፤ ጨለማ ውስጥ፣ ያለ ወጥ፣ እያነቃት ስትውጠው ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ጾም የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ መልሴ አጭር ነው። ጾም በሽታ አይደለም፤ በሽታው ግን ጾም ውስጥ መደበቅ ይችላል። ለመለየት የጾሙን ሰዓት ሳይሆን የሚፈታበትን ሰዓት ተመልከቱ። ጾመኛ ሰው አዛን ሲሰማ ተምሩን ያነሳል፤ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ፋሲካ ሲገባ ደስ ይለዋል። የታመመችው ልጅ የምትፈራው ያቺን ሰዓት ነው። ለመፍታት ምክንያት ታበዛለች፣ ሰው ከበላ በኋላ ትመጣለች፣ ጾሙ ካለፈ በኋላም ሌላ ጾም ትጨምራለች። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው በነፍስ አባቱ ፈቃድ ከጾም ታሳርፋለች፤ ቁርኣንም ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲተካ (ቀዷ ይባላል) ፈቅዷል። የእኛዋ ልጅ በነፍስ አባቷ ቃል ነው ቁርስ የጀመረችው፤ አያቷም «ላንቺ ቀዷው ይቆይሽ» ብለው አጸኑላት። እኔ ስናገር ያልሰማችው እነሱ ሲናገሩ ገባት።

ሕክምናው ከላይ ካልነው ይከተላል። ለጓዳው ሌሊት መጀመሪያ የሚሰጠው መድኃኒት ቀን ላይ መብላት ነው። በዚህ በሽታ በሰፊው የተፈተነው የንግግር ሕክምና የሚጀምረውም ከዚያ ነው፤ ሦስት ምግብና በመሐል ቀለል ያለ ነገር፣ ከሦስትና ከአራት ሰዓት በላይ ሳይራራቅ። በጣም ለከሳ ሰው ግን ይህ በሐኪም ክትትል ነው የሚጀመረው፤ ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በአንዴ ብዙ ሲገባበት በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት ወርዶ ሊገድል ይችላል። ሁለተኛው ሥራ በከፋት ሰዓት ላይ ነው፤ ስልኩ በተዘጋና ጓዳው በሚከፈት መካከል ያለችውን ግማሽ ሰዓት ምን እንደምታደርግባት አስቀድሞ መነጋገር። እሷ የመረጠችው አያቷ ጎን ሄዶ መተኛትን ነው። ፍሉኦክሰቲን የተባለው መድኃኒት ለቡሊሚያ ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ ክብደቱ በወረደ ሰው ላይ ግን ለአኖሬክሲያው ጥቅሙ አልታየም። ስለዚህ ለእሷ አልታዘዘላትም።

በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ትመጣለች፤ ከኮምቦልቻ በጠዋቱ ሚኒባስ። ባለፈው ስትመጣ ዕቁቡ እንደደረሳት ልትነግረኝ ቸኩላ ነበር። መሐል ላይ ስልኳ ጮኸ፤ 4 ሰዓት። ወሬዋን አላቋረጠችም። ቦርሳዋን ከፍታ በፌስታል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አወጣች፤ የቋጠሩላት አያቷ ናቸው። ጫፉን ቆርሳ ሰጠችኝ፤ የቀረውን እያኘከች ገንዘቡን ምን ልታደርግበት እንዳሰበች ነገረችኝ።